ለጥፈው! ስህተቱንም አብረህ

«የኢትዮጵያን ቀን መቁጠሪያ የሚያሰላውን ኮድህን ላክልኝ፤ ፕሮጀክቴ ውስጥ ኮፒ አድርጌ ልለጥፈው።»

ለጥፈው! ስህተቱንም አብረህ ለጥፈው። ነገ እኔ የራሴን ሳርም ያንተው እንደታመመ ይኖራል። የደመወዝ ፕሮግራሙ፣ የተማሪ መመዝገቢያው፣ የቀጠሮ መያዣው፣ ሁሉም ያንኑ ስሌት ይፈልጋሉ። በየፎልደራቸው አንድ አንድ ቅጂ ካደልናቸው አንድ ስህተት ለማረም ሦስት በር ማንኳኳት ሊኖርብን ነው። አንድ ሼርድ ላይብረሪ ሠርተን ሁሉም እሱን ቢጠሩት እርማቱ አንዴ ይጻፋል፣ ለሁሉም ይደርሳል።

«ሒሳቡ እኮ ቀላል ነው!»

ቀላል ከሆነ ለምን አሥር ጊዜ ይጻፋል? ዓመተ ምሕረቱን ለ4 ታካፍላለህ፤ 3 ከቀረ ጳጉሜ 6 ቀን ናት፣ አለዚያ 5። በቃ። 2015 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ነበርና ጳጉሜ 6 ሆነች፤ በ2019ም እንዲሁ ትሆናለች። ይህን የዘነጋ ፕሮግራም በዓመቱ መጨረሻ አንድ ቀን ይስታል። ወሮቹን 12 ብሎ የቆጠረውማ ጳጉሜን ጭራሽ ከዓመቱ ያባርራታል። ቀላል ሒሳብ ተበታትኖ ሲጻፍ እንዲህ ነው የሚከብደው።

«አይሲዩ የሚባለው ላይብረሪ የኢትዮጵያን ካሌንደር ይዞ የለ?»

ይዟል! እሱም ሼርድ ላይብረሪ ነውና ለእኔ እየተከራከርክልኝ ነው። የሚበቃህ ከሆነ ተጠቀምበት። ባሕረ ሐሳቡን፣ የበዓላቱንና የአጽዋማቱን ስሌት የምትፈልግ ከሆነ ደግሞ ያንን ለብቻው ጻፈውና ሌላውም ይጥራው።

«ሼርድ ላይብረሪ መሥራት የሲኒየሮች ሥራ ነው።»

ሲኒየሮቹስ ሲኒየር ሆነው ተወለዱ? ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቤል ላብስ ውስጥ የፈጠረውን ሲ ቋንቋ ክፈትና አንድ ፋንክሽን ጻፍ፤ ዓመት ተቀብላ የጳጉሜን ቀናት ትመልስ። መግለጫዋን በሄደር ፋይል አስቀምጥ። ከዚያ ሥራው ሦስት ትዕዛዝ ነው። በመጀመሪያው ጂሲሲን በማይነስ ሲ እና በማይነስ ኤፍፒክ አስነስተህ ኦብጀክት ፋይል ታወጣለህ። በሁለተኛው ማይነስ ሼርድ ብለህ ኦብጀክቱን «ሊብቀን ነጥብ ኤስኦ» ታደርገዋለህ። በሦስተኛው ዋናውን ፕሮግራም ኮምፓይል ስታደርግ በትልቁ ኤል ፎልደሩን፣ በትንሹ ኤል ስሙን ትነግረዋለህ። ስሙን ስትነግረው «ቀን» ብቻ በል፤ «ሊብ»ን ከፊት፣ «ኤስኦ»ን ከኋላ ሊንከሩ ራሱ ይጨምራል። ሻይህ ሳይቀዘቅዝ ሥራው ያልቃል።

«ያንን ኤፍፒክ የሚሉትን ብተወውስ?»

ብትተወው ሊንከሩ ራሱ «በኤፍፒክ ድገመው» ብሎ ሊመልስህ ይችላል። ላይብረሪው ሜሞሪ ላይ የትኛው አድራሻ እንደሚደርሰው አስቀድሞ አያውቅም፤ አንዱ ፕሮግራም እዚህ፣ ሌላው እዚያ ይጭነዋል። ኤፍፒክ ኮዱ በቋሚ አድራሻ ሳይታሰር፣ ካለበት ቦታ እየለካ እንዲሠራ ያደርገዋል። ስለዚህ ያው አንድ የኮድ ቅጂ ሜሞሪ ላይ ተቀምጦ ብዙ ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ ይገለገሉበታል። «ሼርድ» የተባለው እኮ እንዲጋሩት ነው።

«ኮምፓይል ሆነ፤ ሳስነሳው ግን ላይብረሪውን ማግኘት አልቻልኩም አለኝ። እዚሁ አጠገቡ ተቀምጦ!»

አንተ አየኸው እንጂ ሎደሩ መቼ አየው? ኮምፓይል ስታደርግ የፈለገው ሊንከሩ ነው፤ ስታስነሳ የሚፈልገው ሎደሩ ነው። ለአንዱ የነገርከውን ሌላው አልሰማም። ሊኑክስ ላይ ሎደሩ አንተ ያለህበትን ፎልደር በራሱ አይፈትሽም፤ የሚሄደው ወደታወቁት ቦታዎች ነው። ለሙከራ ኤልዲ ላይብረሪ ፓዝ የሚባለውን ቬሪያብል ሙላና ቀጥል። ለቋሚ አገልግሎት ግን ፋይሉን ዩኤስአር ሎካል ሊብ ውስጥ አስቀምጥና ኤልዲኮንፊግን አስነሳ፤ ሎደሩ የሚያነበውን ማውጫ ያድስልሃል።

«ዛሬ ዲስክ ርካሽ ነው፤ ሁሉንም ስታቲክ አድርገህ አንድ ፋይል ውስጥ ክተተው።»

ዲስኩ ርካሽ ነው፤ የሰው የይለፍ ቃልስ? እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2014 ሃርትብሊድ የተባለው የኦፕንኤስኤስኤል ቀዳዳ ይፋ ሲሆን፣ ከሰርቨር ሜሞሪ በአንድ ጥያቄ እስከ 64 ኪሎባይት ድረስ ማስመዝበር የሚችል ነበር። ላይብረሪውን በጋራ የሚጠቀሙት ሰርቨሮች የታረመውን 1.0.1ጂ ተክተው አገልግሎቶቻቸውን ዳግም አስነሱ፤ በዚያ ላይብረሪ የሚሠራው ሁሉ አብሮ ታረመ። ቅጂውን ሆዱ ውስጥ የከተተ ፕሮግራም ግን ባለቤቱ እንደገና ኮምፓይል አድርጎ እስኪልክለት ድረስ ቀዳዳውን ተሸክሞ ቆየ። ለአንዲት ትንሽ መሣሪያ ስታቲክ ይሁን፤ አልከለክልም። የሰው ሚስጥር ለሚይዝ ሥራ ግን ቶሎ የሚታረመውን ምረጥ።

«ታዲያ እ.ኤ.አ. በ2024 ኤክስዜድ ላይ የደረሰውስ? ሼርድ ላይብረሪ አይደል የተመረዘው?»

አዎ፣ እሱ ነው። 5.6.0 እና 5.6.1 በተባሉት ቨርዥኖች ውስጥ የጓሮ በር ተቀብሮ ነበር። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ፕሮግራመር ኤስኤስኤች ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየብኝ ብሎ ነገሩን ባይቆፍር ኖሮ በዓለም ዙሪያ በተሠራጨ ነበር። መፍትሔውም ወደ ቀድሞው ቨርዥን መመለስ ሆነ፤ በአንድ ቦታ ስለነበረ በአንድ ቦታ ተነቀለ። ከዚህ የምንማረው የጋራ የሆነውን ብዙ ዓይን እንዲጠብቀው ነው። የጋራውን መተው ግን ምን ይሉታል? በየጓዳው የተለጠፈውን ኮድማ የሚያየው ዓይን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሥራ ሲቀይር ይሄዳል።

«ላይብረሪው የእኔ ነው፤ እንደፈለግኩ እቀይረዋለሁ።»

ያንተ የነበረው ለሌላው እስክትሰጥ ድረስ ነው! ከሰጠህ በኋላ ሄደር ፋይሉ ቃል ኪዳንህ ነው። አዲስ ፋንክሽን ብትጨምር ማንም አይጎዳም። የነበረውን ፋንክሽን ብታጠፋ፣ የሚቀበለውን ብትለውጥ፣ ስትራክት መሐል አዲስ መስክ ብትሰነቅር ግን ትናንት በድሮው ልክ ኮምፓይል የሆነ ፕሮግራም ዛሬ የተሳሳተ ቦታ ያነባል። መለወጥ ግድ ከሆነብህ ኤስኦኔም የሚባለውን ስም ከ1 ወደ 2 አሳድገው። ያኔ ነባሩ ፕሮግራም 1ን፣ አዲሱ 2ን እየጠራ ጎን ለጎን ይኖራሉ። የውስጥ ረዳት ፋንክሽኖችህንም ስታቲክ ብለህ ደብቃቸው፤ ሊኑክስ ላይ ያልደበቅከው ሁሉ ወደ ውጭ ይታያል፣ የታየውን ደግሞ የሚጠራው አይጠፋም።

«እኔ የምጽፈው በፓይተን ነው፤ ሲ ምኔ ነው?»

አብዛኛው ሰው የሚጠቀምበት ፓይተን ራሱ የተጻፈው በሲ ነው! ሲታይፕስ የሚባለው ሞጁል እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ከፓይተን ጋር አብሮ ይመጣል፤ የኤስኦ ፋይሉን ጭነህ ፋንክሽኗን መጥራት ነው። ፒኤችፒም ከ7.4 ወዲህ ኤፍኤፍአይ አለው። በሲ የደከምክበት አንድ ላይብረሪ ለብዙ ቋንቋ ያገለግላል።

ጋሼ፣ የድርጅቱ ባለቤት፣ ደግሞ እንዲህ ይላሉ፦ «ለሁሉም በነፃ ከሰጠነው እኛ ምን እንጠቀማለን?»

ጋሼ፣ ሌሎቹም እንዲህ ቢሉ ኖሮ ሰርቨርዎ ላይ ያለው ሊኑክስ ከየት ይመጣ ነበር? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። የቀን ስሌት የድርጅትዎ ሚስጥር አይደለም። ሚስጥርዎ ለደንበኛዎ የሚሰጡት አገልግሎት ነው፤ እሱን ይያዙ። ስሌቱን ቢያጋሩት ሌላው ስህተቱን አግኝቶ ያርምልዎታል።

እናንተ ኮድ የምትጽፉ እህት ወንድሞች፣ በየፕሮጀክታችሁ ስትገለብጡት የኖራችሁትን አንድ ፋንክሽን ዛሬ ምረጡ። ለይታችሁ አውጡት፤ ሄደር ጻፉለት፣ ቴስት ጨምሩለት፣ የቨርዥን ቁጥር ስጡት፣ የአጠቃቀም ፈቃዱን በግልጽ ጻፉና ለሌላው አድርሱ። የጻፍነውን መልሰን መላልሰን በመጻፍ የምናጠፋው ጉልበት ገና ላልተጻፈው ይዋል።