ጋሼ፣ አንዴ ይያዙልኝ

ሻርጃ እየኖረ ዱባይ የሚሠራ ሰው ዐርብ ከሰዓት ምን እንደሚያምረው ማስረዳት አያስፈልግም። ግማሽ ቀን ተሠርቶ፣ በአል ኢቲሃድ መንገድ ላይ እየተንፏቀቁ ተደርሶ፣ ጫማ ወልቆ፣ ሽሮ ተበልቶ ጋደም ማለት ነው። እኔ ግን ገና የሕንፃው በር ላይ ስደርስ "ጋሼ፣ አንዴ ይያዙልኝ" የሚል ድምፅ ይቀበለኛል።

የሚያዘው ሞተር ሳይክል ነው። ባለቤቱ ጎረቤቴ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳል። ሻርጃ እ.ኤ.አ. ከ2022 መግቢያ ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኞቿንና ትምህርት ቤቶቿን ዐርብ፣ ቅዳሜና እሁድ ታሳርፋለች። ወጣት ሰው ሦስት ቀን ሙሉ ካረፈ እጁ ሥራ መፈለጉ አይቀርም። ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ካሉት የአሮጌ መለዋወጫ ሱቆች ረጅም የፊት ሹካ ገዛና ደህና የነበረውን ሞተር አፍንጫ አወጣለት። ሞተሩ ቆሞ ሲያዩት ያምራል። ቀስ ብሎ ሲሄድ ግን መሪው ወደ አንድ ወገን ዘፍ ይላል፤ ከፓርኪንግ እስኪወጣ የፊቱን ጎማ ደግፎ የሚያቀና ሰው ያስፈልገዋል። ሰውየው እኔ ነኝ።

"ምን ሆኖ ነው?" ስለው መልስ አያጣም። አንድ ሰሞን ኩሽኔታው ነው፣ አንድ ሰሞን የጎማው ንፋስ፣ ነሐሴ ሲመጣ ደግሞ ሙቀቱ። እኔ ደግሞ መልስ ካልጣመኝ አልተኛም።

ነገሩ ሁለት ልኬት ነው። መሪው የሚዞርበት ዘንግ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ አናቱ ወደ ነጂው ጋደል ይላል። የጋደለበት ማዕዘን ሬክ ነው። ዘንጉን በሐሳብ ወደ ታች ብናስረዝመው፣ ጎማው መሬት ከሚረግጥበት ቦታ ትንሽ ፊት ላይ ያርፋል። በሁለቱ መሃል ያለው ርቀት ትሬይል ይባላል። ጎማው ዘንጉን ከኋላ እየተከተለ ስለሚጎተት መሪው ራሱን በራሱ ያቀናል። የሱፐርማርኬት ጋሪ ጎማ ወደተገፋበት ዞሮ የሚከተለውም በዚሁ ሕግ ነው። የስፖርት ሞተር ሬኩ 24 ዲግሪ፣ ትሬይሉ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። በዚያው ሻንሲ ላይ ረጅም ሹካ ሲገባ ሁለቱም ያድጋሉ። ቀጥ ባለ አውራ ጎዳና ላይ ሞተሩ ጨዋ ይሆናል። በዝግታ ሲሄድ ግን መሪው ትንሽ በዞረ ቁጥር የሞተሩ ፊት ዝቅ ይላል፤ ዝቅ ማለት ሲጀምር ክብደቱ ራሱ ወደዚያው ይስበዋል። እኔ የምደግፈው ይህንን ነው።

ጥፋቱን ወደ ላይ ከቆጠርነው "ኢዚ ራይደር" የተባለው የ1969 ፊልም ዘንድ ይደርሳል። በፊልሙ የሚታዩትን ባለረጅም ሹካ ሞተሮች የሠሯቸው ክሊፍ ቮግስና ቤን ሃርዲ የተባሉ ሁለት ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ፤ ፊልሙ ዓለምን ሲዞር የእነሱ ስም ለብዙ ዓመት ሳይነሣ ቀረ። ጎረቤቴ ፊልሙን አላየውም። ፎቶው በቅቶታል።

አንድ መካኒክ ደግሞ ሌላ ዘዴ ሹክ አለው፦ ዘንጉን ሳይነኩ ሹካውን ብቻ የሚያጋድል ማያያዣ አለ። እውነትም መሪው ይቀላል፤ ምክንያቱም ትሬይሉ ያጥራል። ከመጠን በላይ ካጠረ ግን በፍጥነት ሲሄዱ መሪው ግራና ቀኝ መርገፍገፍ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ከፊት ሆኖ የሚደግፍ ጋሼ የለም። ይህን ሁሉ ሳስረዳው አንድ ነገር ጣል አደረግሁ፦ በ2011 "ሳይንስ" መጽሔት ላይ ተመራማሪዎች ትሬይል ሳይኖራት ሚዛኗን ጠብቃ የምትሄድ ብስክሌት ሠርተው አሳይተዋል። ፊቱ በራ። "አዩ ጋሼ፣ ትሬይል ትርፍ ነገር ነው ማለት ነው!" ያለ ፈቃድ ሻንሲ መለወጥ 1,000 ድርሃም፣ 12 ጥቁር ነጥብና 30 ቀን እስር፣ የሞተሩን ማለቴ ነው፣ እንደሚያስከትል ስነግረው ግን በደንብ አልሰማኝም።

ፖሊስ የማይዘው ሌላ የተለወጠ ሞተር ደግሞ አለ፤ ምግብ የሚያደርሰው። ከኋላ ትልቅ ሳጥን ይጫንበታል። በሁለቱ ጎማዎች መሃል 1.4 ሜትር ያለው ሞተር ኋላው 25 ሚሊ ሜትር ዝቅ ካለ ሬኩ 1 ዲግሪ፣ ትሬይሉ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይጨምራል። ይሄስ ባልከፋ። የፊቱ ጎማ መሬት መጫኑን ይቀንሳል፣ ሳጥኑ ነፋስ ይሰበስባል፣ ከጎኑ የጭነት መኪና ሲያልፍ መሪው እንደ መደንገጥ ይላል። የሚነዳው ልጅ ሳጥኑን አልመረጠም፣ ሰዓቱንም አልመረጠም። እኛ ሶፋ ላይ ተጋድመን በስልካችን ካርታ ላይ እንከታተለዋለን፤ ሁለት ደቂቃ ካለፈ እንደውላለን፤ በመንገድ ላይ እያለ እንዲያነሣም እንጠብቃለን። በማግስቱ መኪናችን ውስጥ ቁጭ ብለን "እነዚህ ሞተረኞች ሊያስጨርሱን ነው!" እንላለን። ማን ነው ማንን የሚያስጨርሰው? የቀዘቀዘ በርገር የገደለው ሰው እስካሁን አልተሰማም፤ ሞቆ እንዲደርስ ሲባል አስፋልት ላይ የቀረ ልጅ ግን አለ። ዱባይ ከኅዳር 2025 ጀምሮ አምስትና ከዚያ በላይ መስመር ባለው መንገድ ላይ አድራሽ ሞተሮችን ከሁለቱ የግራ መስመሮች አስወጥታለች። ሶፋው ላይ ላለነው ግን የወጣ ደንብ የለም።

ብቻ ቁጣ ራት አይሆንም፤ ራቱም ታዟል። ልጁ ሲመጣ ጉርሻውን ከፍ አደርግለታለሁ።

ጎረቤቴ ሰሞኑን አጅማን ቤት እየፈለገ ነው። ኪራዩ ይቀላል፣ ባሕሩ ቅርብ ነው፣ "ጋሼም ይምጡ" ይላል። ባለቤቴ ሐሳቡ አልከፋትም። እኔ ከአጅማን ዱባይ በየጠዋቱ መመላለሱን ሳስበው ወገቤን ያመኛል። እሷ ግን እዚያ እንጀራው ይሻላል የሚል ወሬ ሰምታለች፤ የዱባዩ ዴራ እንጀራ ኮምጣጣ ነው ትላለች። እኔ ለራሴ ኮምጠጥ ያለ እወዳለሁ፤ በተለይ ለሽሮ።