የአቶ ድፎ ዳቦ የሕይወት ታሪክ

ክቡራን እድርተኞች፣ ወዳጅ ዘመዶች፣ ከደብረ ታቦርና ከባሕር ዳር ድረስ የመጣችሁ ለቀስተኞች፤ እግዜር ያክብርልን። የሟችን የሕይወት ታሪክ በአጭሩ እናነባለን፤ ሙሾ አውራጇ ጥቂት ትታገሠን።

አቶ ድፎ ዳቦ ከአባታቸው ከአቶ ስንዴና ከእናታቸው ከወይዘሮ እርሾ በታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ፣ ከአያታችን ጓዳ ተወለዱ። ዘመኑ በውል አይታወቅም። በዚህ አያታችንን ይመስላሉ፤ እሷም «ከጣሊያን በኋላ፣ ሰብል ሲገባ» ከማለት ሌላ የልደት ቀን የላትም።

የራሷን ባታውቅ የእመቤታችንን ታውቃለች። በቤታችን ልደት ሲባል ግንቦት 1 ነው፤ ልደታ። ሐናና ኢያቄም ማርያምን በሊባኖስ ተራራ ከቤት ውጭ ወለዱ ስለሚባል በዓሉ የሚከበረው ደጅ ነው። ጎረቤት ንፍሮውን ይዞ ይወጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ሟችም ኮባቸውን እንደለበሱ ይመጡና ተባርከው ይቆረሳሉ። ለአያታችን የዓመቱ ትልቅ ቀን ይህ ነበር።

በሥራ ዘመናቸው ብዙ አይተዋል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከምጣድ ርቀው ነበር። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ፣ ሴፍቲኔት ሲመጣ፣ በእርዳታ ስንዴም አገልግለዋል፤ አያታችን ግን «ይኼ ስንዴ ባሕር ተሻግሮ ደክሞታል፤ ኩፍ አይልም» እያለች ታማቸው ነበር። ከወይዘሮ ጥቁር አዝሙድ ጋር ትዳር መሥርተው እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተለያዩም። በጾምም በፍስክም ሠርተዋል፤ ወተትና እንቁላል አይቀርባቸውምና ስለ ነፍሳቸው አንሰጋም።

አወጣጣቸው ቀላል አልነበረም። ስንዴው ታጥቦ፣ ተሰጥቶ፣ ተለቅሞ፣ ተፈጭቶ፣ ሊጡ እጅ እስኪለቅ ይታሻል። የኮባው ወፍራም አከርካሪ በቢላ ይላጣል፤ ቅጠሉ እንዳይቀደድ እሳት ላይ ለብለብ ተደርጎ ምጣዱ ላይ እርስ በርሱ ይነባበራል። ሊጡ ይገለበጥበታል፣ የተረፈው ቅጠል ከላይ ይታጠፋል፣ አክንባሎ ይደፋል፣ በአክንባሎው ላይ ደግሞ የኩበት ፍም ይደረደራል። ሲወጡ የቅጠሉ ሥር ጀርባቸው ላይ ታትሞ ይታያል። ሐሰተኛ ድፎ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ ጀርባው ልሙጥ ነው።

ሙያቸውን ለመውረስ አንዲት የልጅ ልጅ ሞክራ ነበር።

«ዱቄቱ ስንት ኪሎ ነው፣ እምየ?»

«ለጎረቤት እንዲዳረስ አድርጊው።»

«ውኃውስ?»

«ሊጡ ሲጠግብ ይነግርሻል።»

«ስንት ሰዓት ይቀመጥ?»

«ኩፍ እስኪል ነዋ! አንቺ ደግሞ።»

ይህ ሁሉ በስልክ ተቀድቷል። ቅጂው ደኅና ነው፤ ዳቦው አልወጣም።

ስለ አሟሟታቸው ብዙ ይወራል። አንዳንዱ በኤሌክትሪክ ምጣድ ያሳብባል፤ እውነት ነው፣ እሱ የሚያውቀው ከታች ማንደድ ብቻ ስለሆነ አዛውንቱን መሐል ላይ እየገለበጡ አሠቃይተዋቸዋል። ከተማ ያሉት በኮባ መጥፋት ያሳብባሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ገዳዮቹ ጭሱን ለአያታቸው፣ ቁራሹን ለራሳቸው ያካፈሉ የልጅ ልጆች ናቸው፤ አብዛኞቹም አሁን ከፊት ወንበር ተቀምጠው ያለቅሳሉ።

የመጨረሻው ቀን እንዲህ ነበር። መታወቂያ ሲወጣላት ጸሐፊው የአያታችንን ልደት መስከረም 1 ብሎ ሞልቶታል። ልጆቿ ይህን አይተው «ሰማንያኛ ዓመት» ብለው ቶርታ አዘዙ። ቶርታው ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ ነፋስ መውጫን አልፎ፣ ክሬሙ ወደ አንድ ጎን አጋድሎ ገባ። ሻማ ተለኮሰና እፍ በይ ተባለች። አያታችን ለማርያም ጧፍ ስታበራ ኖረች እንጂ በትንፋሿ አጥፍታ አታውቅም፤ ፈራች። የልጅ ልጆቿ አጠፉላት። ቀመሰችና «ቅባቱስ ጥሩ ነው፤ ዳቦው የት አለ?» አለች። ሁሉም ሳቀ። ዕለቱ እንቁጣጣሽ ነበርና ሟች እዚያው ጓዳ ነበሩ፤ ያስታወሳቸው ስለሌለ ሳይቆረሱ አደሩ። በማግስቱ ደርቀው ተገኙ።

ሟች ሙልሙል የተባለ ወንድም ትተዋል፤ እሱም ከቡሄ ቡሄ ብቻ ነው የሚታየው፣ ነሐሴ 13። አምባሻ የምትባል ዘመዳቸው በከተማ እንዳለች ሰምተናል።

የአርባቸውን ተዝካር በተመለከተ፦ ለካህናቱና ለችግረኛው የሚቀርብ ዳቦ የሚጋግር ስለጠፋ ቶርታ ታዟል። ኬክ ቤቱ ያለው «መልካም ልደት» የተጻፈበት ብቻ መሆኑን ስለነገረን፣ ለቀስተኛው ቅር እንዳይለው ከወዲሁ ይቅርታ እንጠይቃለን።