ሙሉ ውክልና ለቦቱ

ሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ አዲስ የሚቀጠር ሰው ፍዳውን ያያል። ሦስት አራት ጊዜ ቃለ መጠይቅ ይቀመጣል፣ የሙከራ ጊዜ ይቆረጥለታል፣ የጻፋት አንዲት መስመር እንኳ ሌላ ሰው ሳያያት ከዋናው ኮድ ጋር አትቀላቀልም። ቦት ግን ሲፈጥረው ዕድለኛ ነው። ከምሳ በኋላ ይወለዳል፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ የድርጅቱን ኮድ በሙሉ የመጻፍና የመሰረዝ ሥልጣን ይጨብጣል። «ከየት መጣህ?» የሚለው የለም፤ ፕሮፋይሉ ላይ ፈገግ ያለች ሮቦት ከተለጠፈች ይበቃል።

የተቀጠረበት ሥራ እኮ የተላላኪ ነው። ፕሮግራመሩ ለውጡን ወደ ጊትሃብ ሲልክ ዌብሁክ ወሬውን ለጄንኪንስ ወይም ለመሰል የሲአይ ሰርቨር ያደርሳል፤ ሰርቨሩ ኮዱን ስቦ ቴስቱን ያስኬዳል፤ ቦቱ ውጤቱን ይዞ ተመልሶ አረንጓዴ ወይም ቀይ ምልክት ይለጥፋል። አለቀ። ኮዱን ለማንበብ ብቻ የሚያገለግል ቁልፍ አለ። ምልክት ለመለጠፍም ጊትሃብ «ሪፖ-ስታተስ» የምትባል፣ ኮድ የማታስነካ ጠባብ ፈቃድ አዘጋጅቷል።

ችግሩ፣ ይህች ፈቃድ «ሪፖ» ከሚባለው ትልቁ ሣጥን ሥር መቀመጧ ነው። የላይኛውን አንዴ ሲነኩት ከሥሩ ያሉት ሁሉ አብረው ይመረጣሉ። ታዲያ የተማረ ሰው፣ ያውም ዓርብ ከሰዓት፣ ወረድ ብሎ ትንሿን የሚፈልግበት ምን ዕዳ አለበት? ትልቁን ይነካል። የድርጅቱን አስተዳዳሪነትም ለክፉ ቀን ይጨምርበታል። ቶክን ለሚባለው የቦቱ መግቢያ ቁልፍ ማብቂያ ቀን ሲጠየቅ «አያበቃም» ይላል፤ ገጹ ማብቂያ ቢኖረው እንደሚሻል ይመክረዋል፣ ምክር ግን ለሰነፍ ነው። ከዚያ ቶክኑን ጄንኪንስ ውስጥ ይከታል፤ እንዳይጠፋበትም ለራሱ በቻት ይልከዋል።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ የጊትሃብ ደንብ ቦት ራሱን በራሱ እንዳያስመዘግብ ይከለክላል። አካውንቱን የሚከፍተው፣ ደንቡን የሚቀበለውና ቦቱ ለሚያደርገው ሁሉ የሚጠየቀው ሰው ነው። ግሩም ሕግ ነው፤ ሰውየው የተሻለ ደሞዝ አግኝቶ እስኪለቅ ድረስ። እ.ኤ.አ. በ2023 ጊትሃብ ኮድ የሚያዋጣ ሁሉ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ እንዲያበራ ማስገደድ ሲጀምር «የቦታችን ማረጋገጫ ቁጥር በማን ስልክ ነው የሚመጣው?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። ስልኩማ ከባለቤቱ ጋር ሄዷል።

የቦት ትጋትም አይናቅም። ኩበርኔቲስን በሚያክል ግዙፍ ፕሮጀክት ውስጥ አንድ ቦት፣ ጸድቀው ሳለ ቴስት የወደቀባቸውን የለውጥ ጥያቄዎች (ፑል ሪኩዌስቶች) እየዞረ «ይደገም» የሚል ትእዛዝ ለዓመታት ጽፏል። ትእዛዙን ተቀብሎ የሚያስፈጽመውም ቦት ነው። ቴስቱ አንዴ እያለፈ አንዴ የሚወድቅበት ምክንያት እስኪገኝ፣ እስኪያልፍ የሚለማመጥ ቦት መቅጠር ቀሏል። እዚያው «ሚያው» ብሎ ለጻፈ ሰው የድመት ፎቶ የሚያመጣ ትእዛዝም አለ፤ ቢያንስ እሱ ማንንም አልጎዳም።

ጊትሃብ በራሱ ሲአይ፣ በጊትሃብ አክሽንስ፣ ሥራው ሲያልቅ አብሮ የሚሞት ጊዜያዊ ቶክን ይሰጣል። በዚህ ቶክን የተላከ ለውጥ ሌላ ዙር አያስነሣም፤ ቦቱ ራሱን በራሱ እየቀሰቀሰ ሲሽከረከር እንዳያድር ነው። ባለሙያው ግን ይህን እንደ ንቀት ይቆጥረዋል። ቦቱ የላከው ለውጥ እንዴት ቴስት አያስነሣም! መድኃኒቱን አላጣውም፦ ያ የማያበቃው የግል ቶክን።

በዚሁ በጊትሃብ አክሽንስ ላይ ሌሎች ጠርተው የሚጠቀሙበት «ቼንጅድ ፋይልስ» የሚባል አክሽን አለ። ሥራው በአንድ ፑል ሪኩዌስት የትኞቹ ፋይሎች እንደተለወጡ መዘርዘር ነው፤ ሌላ ሙያ የለውም። እ.ኤ.አ. በማርች 2025፣ ከ23,000 በላይ ሪፖዚተሪዎች ሲገለገሉበት ሳለ፣ የፕሮጀክቱ ቦት የግል ቶክን ሌባ እጅ ገባ። ሌባው የቆዩትን የቨርዥን ታጎች አንድ በአንድ ወደ አንድ መርዘኛ ኮሚት አዞራቸው፤ ምንም ያልነካ፣ የትናንቱን ቁጥር እንዳለ የጠራ ሰው ዛሬ መርዙን ጠራ። ስክሪፕቱ የሲአይ ማሽኑን ሜሞሪ በርብሮ ያገኛቸውን ምስጢሮች ሎጉ ላይ ዘረገፋቸው፤ ሪፖዚተሪው ለሁሉ ክፍት ከሆነ ሎጉም ለሁሉ ክፍት ነው። ኮሚቱ በማን ስም ተላከ? በሪኖቬት፣ የላይብረሪ ቨርዥን በሚያድሰው ዝነኛ ቦት ስም። ሌባው ሰፈሩን አጥንቷል፤ የሰው ስም ቢጽፍ «ይሄ ደግሞ ማነው?» የሚል አይጠፋም ነበር።

ባለቤቶቹ ከዚያ ወዲህ የቦቱን ፓስወርድ ቀየሩ፣ መግቢያውን በፓስኪ አደረጉ፣ ሥልጣኑንም ከሥራው እንዳያልፍ ፈተሹ። ከስርቆቱ በፊትስ አይቻልም ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ነገር መፈለግ ይሆናል።

ጊትሃብ አፕ የሚባለው መንገድ ሳይቀር ተጠርጓል፦ የሰው ወንበር የማይዝ፣ የማንንም ስልክ የማይሻ፣ በተመረጡለት ሪፖዚተሪዎች ብቻ የሚገባ፣ ቶክኑም በአንድ ሰዓት የሚያበቃ። ጄንኪንስም እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ይቀበለዋል። ግን ፈቃዱን አንድ በአንድ መምረጥ ሊጠይቅ ነው፤ ግማሽ ቀን ሊፈጅ ነው። ስለዚህ ቲኬት ይከፈትለታል፣ ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት ይተላለፋል፣ ከዚያም ለሚቀጥለው። ዘጠና ቀን ሙሉ የነካው ሰው ሲጠፋ ቦቱ ራሱ ይመጣና «ያረጀ» የሚል ምልክት ለጥፎበት ይዘጋዋል።