ሐተታ በእንተ ሬዲዮ ሠሪ ቤት

የአገራችን ሊቃውንት ስለ ገዳማትና ስለ አድባራት፣ ስለ ነገሥታት ግብርና ስለ መኳንንት ማዕርግ ብዙ ብራና ፍቀው ብዙ ቀለም በጥብጠው ሳለ፣ በየሰፈሩ ጠባብ ደጃፍ ላይ «ሬዲዮ፣ ቴፕና ቴሌቪዥን እንጠግናለን» የሚል ሰሌዳ ሰቅሎ ለብዙ ዘመን ሕዝብን ስላገለገለው ቤት አንድ ምዕራፍ እንኳ ሳይጽፉ መቅረታቸው፣ ነገሩን ንቀውት ሳይሆን የየራሳቸው ሬዲዮ ገና ከሠሪው ዘንድ ስላልተመለሰ ይመስለናል።

ፈረንጆች በዚህ ረገድ ቀድመውናል። እ.ኤ.አ. በ1921 በቦስተን ከተማ የተመሠረተው ሬዲዮ ሻክ የተባለው መደብር እ.ኤ.አ. በ2015 መክሠሩን ለፍርድ ቤት ባስታወቀ ጊዜ፣ በልጅነታቸው ከዚያ ሽቦና ትራንዚስተር ገዝተው ጣታቸውን ያቃጠሉ ሽማግሌዎች ከልብ አዘኑ፤ መደብሩ ያሳትመው የነበረውንም ካታሎግ ከየሣጥናቸው እያወጡ እንደ ዳዊት ይደግሙት ጀመር። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ካታሎግ አልነበረም። ከዚህ ተነሥቶ መጽሐፍ አልነበራችሁም የሚለን ቢኖር ግን ይሳሳታል፤ የእኛው ካታሎግ በወረቀት አልታተመም እንጂ አቧራ ለብሶ በመደርደሪያ ላይ ይታይ ነበርና፤ ይኸውም ባለቤቶቻቸው የረሷቸው ሬዲዮዎች በድን ነው።

ታሪኩን ባጭሩ ለማውሳት ያህል፣ የአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ በ1927 ዓ.ም. ሲመረቅ ሬዲዮ የጥቂት ቤቶች ጌጥ ነበር። በኋላ ግን ብሥራተ ወንጌል በ1955 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ መሰማት ሲጀምር፣ በ1957 ዓ.ም. ደግሞ ቴሌቪዥንና የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ስርጭት ተከትለው ሲመጡ፣ የእንጨት ሣጥን የሚያህለውንና ለመናገር አስቀድሞ መሞቅ የሚያስፈልገውን ባለ አምፖል ሬዲዮ ትራንዚስተር አሳንሶ በገበሬው ትከሻ ላይ አንጠለጠለው። ትራንዚስተሩ የሚኖረው በድንጋይ ነው። ድንጋዩ ሲደክም የማታው ዜና እንዳይቀር ቀኑን ሙሉ ከበርበሬው ጎን ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ዶሮ እንዳትጭረውም ልጅ ይቀመጥለታል። ፀሐይም ያላዳነችው እንደ ሆነ ሕመሙ ከድንጋዩ ሳይሆን ከውስጥ ነው ተብሎ ወደ ሠሪው ይወሰዳል።

የሠሪው ቤት አሠራር ሲመረመር ከመቃብር ቤት ባይሰፋም እንደ ቤተ ክርስቲያናችን ሦስት ክፍል ሆኖ ይገኛል። ከባንኮኒው ወዲህ ያለው ቅኔ ማኅሌት ነው፤ ምእመናን በዳንቴል የተሸፈነ ሬዲዮዋቸውን ታቅፈው ቆመው «ማንም አልነካውም፤ በገዛ ራሱ ነው ዝም ያለ» የሚለውን ዜማ በአንድ ቃል ያሰሙበታል። ባንኮኒው ቅድስት ነው፤ በዚያ ላይ ክዳኑ ይከፈታል፣ የቴስተሩ ሁለት ሽቦዎች እዚህም እዚያም ይነካካሉ፣ ከዚያም ሠሪው ራሱን ነቅንቆ «ይኼማ ሌላ ሰው ጋ ገብቶ ነበር» በማለት ከእርሱ በፊት የነበሩትን መናፍቃን ሁሉ ያወግዛል። ከመጋረጃው በስተኋላ ያለው ግን መቅደስ ስለ ሆነ ከሠሪውና ከአንድ ደቀ መዝሙር በቀር የሚገባበት የለም፤ እርሳስ ሲቀልጥ የሚወጣው ጢስ ብቻ በመጋረጃው ጫፍ ሾልኮ ለምእመናን ይደርሳቸዋል።

ደቀ መዝሙሩ አስቀድሞ የሚማረው የቀለም ትምህርት ነው። በሬዚስተር ወገብ ላይ ከተሣሉት ቀለበቶች ጥቁሩ ዜሮ፣ ቡናማው 1፣ ቀዩ 2 እየተባለ እስከ ነጩ 9 ድረስ ስለሚቈጠር፣ ቡናማ፣ ጥቁርና ቀይ ተከታትለው ቢታዩ 1,000 ኦም ነው ይባላል። ከሁሉ በኋላ የምትገኘው ወርቃማ ቀለበት «ከተናገርሁት ቍጥር እስከ 5 በመቶ ወዲህ ወይም ወዲያ ብል አትፍረዱብኝ» ማለቷ ነው፤ ቍጥር በአደባባይ ከሚናገሩ ሌሎች አካላት እንዲህ ያለ ትሕትና እስከ ዛሬ አልሰማንም።

ወደ ዋናው ንባብ እንመለስ። ሠሪው ሬዲዮውን ተቀብሎ፣ ቀብዱንም ተቀብሎ፣ በቍራጭ ወረቀት ላይ ቍጥር ጽፎ ከሰጠ በኋላ «ነገ ብቅ ይበሉ» ይላል። ነገ ማለት ከዛሬ ቀጥላ የምትመጣው ዕለት ናት፤ ይህ ትርጓሜ ግን ከደንበኞች መካከል ምስክር አላገኘም። አንድም የጎደለው ዕቃ ምናለሽ ተራ ሲገኝ ማለት ነው። አንድም የእርስዎ ቀብድ የሌላውን ሰው ዕቃ ገዝቷልና የእርስዎን ዕቃ የሚገዛ ሌላ ቀብድ እስኪመጣ ይታገሡ ማለት ነው። አንድም ገና አልከፈትሁትም ሲል ነው።

ዕቃው የሚገኝበት መንገድ የጥናታችን ዋና ነገር ነው። በግድግዳው ላይ «ከ3 ወር በላይ ላልተወሰደ ዕቃ ኃላፊነት የለብንም» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበርና፣ የዘነጋ ሰው ናሽናል ስፒከሩን ለጎረቤቱ ፊሊፕስ፣ የቴፑን ሞተር ለማያውቀው ሳንዮ ሳያውቅ ይመጸውት ነበር። ከእንዲህ ያለው ቅልቅል በኋላ ሬዲዮው ተከድኖ ሲናገር በባንኮኒው ላይ ሁለት ሦስት ብሎን መትረፉ አይቀርም። ፋብሪካው ያለ ምክንያት አላበዛውም የሚሉ አሉ፤ ሠሪው ግን ሬዲዮው እየተናገረ ምን ትከራከራላችሁ ብሎ ብሎኑን ወደ ጣሳው ይጥለዋል፤ ክርክሩም በዚሁ ይዘጋል።

ዛሬ ይህን ቤት ፍለጋ ከመገናኛ በታክሲ ተሳፍሮ ጎሮ የሚወርድ ተመራማሪ፣ መንግሥት የአገሪቱን ኮምፒዩተር ነክ ተስፋ አጥሮ ያኖረበትን የአይሲቲ ፓርክ ያገኛል፤ ከአጥሩ ውጭ በአስፋልቱ ዳር ደግሞ «ሞባይል ጥገና፣ ዲሽ ተከላ» የሚሉ የመስተዋት ሣጥኖችን ያያል። በሣጥኑ ኋላ ያለው ወጣት እጀ ብልኅ ነው፤ ነገር ግን ስልኩ በሙጫ የተጣበቀ ስለ ሆነ ብሎን አይተርፍለትም። «ቦርዱ ሄዷል» ካለም ትርጓሜው አንድ ብቻ ነው።

በዚህም ምክንያት በሳሚትና በፊጋ ሳሎኖች ውስጥ በቡና ሰዓት የድሮውን ሬዲዮ ሠሪ አንሥቶ የሚቆዝም ጎልማሳ በዝቷል። እኛም የኀዘኑን ምንጭ መርምረን ያገኘነውን ሳንደብቅ እንናገራለን። ቀሪ ሂሳቡን ከፍሎ ሬዲዮውን የወሰደ ሰው ስለ ሠሪው አያነሣም፤ ቢያነሣም ስለ ዋጋው ብቻ ነው። አብዝቶ የሚያዝነው ቀብድ ከፍሎ ሳይመለስ የቀረው፣ የካታሎጉንም አንድ ገጽ በገዛ ሬዲዮው ያበረከተው ነው። ሠሪው የሰውዬው ሬዲዮ አለበት፤ ሰውዬው የሠሪው ገንዘብ አለበት፤ ማን ለማን ይክፈል የሚለውን ለሕግ አዋቂዎች ትተነዋል። ከኀዘንተኞቹ አንዳንዱ ያችን ባለ ቍጥር ቍራጭ ወረቀት እስከ ዛሬ በውዳሴ ማርያሙ መካከል አስቀምጧታል፤ የቀረበትን ለመክፈል ግን አይደለም፤ ቀብድ መስጠቱን ለማስረዳት ነው እንጂ።