በርሜል ውስጥ የቀረ ሞተር

ጀልባውን የገዙት የድባጤ ልጆች ናቸው። ተደራጅተው፣ ቆጥበው፣ የጎደላቸውን ከዘመድ ተበድረው ባሕር ዳር ላይ ያገለገለ የፋይበር ጀልባ ባለ 60 ፈረስ ጉልበት ሞተር ተገጥሞለት አገኙ። ሐሳባቸው ጉባ ወርደው የሕዳሴ ግድብ በፈጠረው ንጋት ሐይቅ ላይ ዓሣ ማስገር ነው። አንደኛው የእህቴ ልጅ ስለሆነ እኔም ነገሩ ውስጥ ገባሁ። ጀልባው በእንጅባራና በቻግኒ በኩል በተጎታች መጥቶ ድባጤ ግቢያችን አረፈ፤ የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ አጥሩ ላይ ተንጠለጠለ።

ከመሄዱ በፊት ሞተሩ ይፈተሽ ተባለ። የጀልባ ሞተር ደረቅ ላይ አይነሳም። ማቀዝቀዣ ውኃውን የሚስበው ከታች ስለሆነ ያለ ውኃ ቢያስነሱት የፓምፑ ጎማ ወዲያው ይቃጠላል። ስለዚህ የተቆረጠ በርሜል ውኃ ተሞልቶ ከኋላ ተቀመጠና የሞተሩ እግር ወደ ውስጥ ወረደ። ቁልፉ ሲዞር ወዲያው ተነሳ፤ ልጆቹ ጨፈሩ። ጠፍቶ «ከፍ አድርገው» ሲባል ግን ማንሻው ቢጫኑት ቢጫኑት «ቀጭ» ከማለት በቀር ንቅንቅ የለም። ሞተሩ በርሜሉ ውስጥ ቀረ።

ይህ ማንሻ የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝነውን ሞተር የሚያነሳው እሱ ነው። ባትሪው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ያዞራል፣ እሷ ዘይት ትገፋለች፣ ዘይቱ ጃኮቹን ያስወጣል። ኤሌክትሪኩ ሲገለበጥ ፓምፑም በተቃራኒው ዞሮ ያወርደዋል። ጣና ላይ እምቦጭ ፕሮፔለሩን ሲጠመጥመው ጀልባ ነጂው የሚተማመነው በዚህ ነው። አዲሱ ሐይቅ ደግሞ የተኛው ትናንት ዛፍ በነበረበት መሬት ላይ ነው፤ ጉቶ በበዛበት ዳርቻ ሞተሩን በወቅቱ ከፍ ማድረግ ያልቻለ ፕሮፔለሩን ይዞ አይመለስም። ከዚያም በፊት መንገዱ አለ፤ እግሩን ያልሰበሰበ ሞተር ተጎታች ላይ ጉባ ድረስ ቢጎተት አስፋልቱ ራሱ ይበላዋል።

ሁሉም ባትሪውን ረገመ። ከአይሱዙ ላይ ሌላ ባትሪ ተፈትቶ መጣ፤ ያው «ቀጭ» ብቻ። ባሕር ዳር ያለ አንድ ባለሙያ ተደወለለትና ሳያየው «ፓምፑ ከነሞተሩ ይቀየር» አለ። ዋጋውን ሲሰሙ ልጆቹ ፊታቸው ጠቆረ። ለወጣት ጀልባ ሲሸጥለት ወይም ሲሰጠው ከጥገናው ዕውቀት ጋር ካልሆነ፣ የመጀመሪያዋ ብልሽት ብድሩን ከነወለዱ እንደምታስቀርበት ያን ቀን በዓይኔ አየሁ። ይህን የምለው ከልቤ ነው።

ሊመሽ ሲል ሞተሩን በእጅ ለማውጣት ተወሰነ። ማቀፊያው ጎን ላይ በካቻቢቴ የሚላላ ብሎን አለ፤ ሲላላ የዘይቱ መንገድ ይከፈትና ሞተሩ በጉልበት ይነሳል። ጎረምሶቹ ተጋግዘው አነሱት፣ ብሎኑ መልሶ ጠበቀ፣ በርሜሉ ተጎተተ።

ጠዋት የትራክተር መካኒኩ ተጠራ። እኒህ ሰው ሙያውን የለመዱት ፓዌ ነው። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ሰፋሪው ወደ መተከል ሲመጣ በጣሊያን መንግሥት ገንዘብ የጣና በለስ ፕሮጀክት ተቋቁሞ ነበር፤ ሥራውን የያዘው ሳሊኒ ነበር። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለውን የሕዳሴ ግድብም የገነባው ይኸው ድርጅት ነው። ፕሮጀክቱ ቢቆምም በጋራዡ የተማሩት ልጆች በየወረዳው ቀሩ። በእኔ ግምት ከዚያ ፕሮጀክት ለመተከል የተረፈው ትልቁ ሀብት እነሱ ናቸው።

የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ፓምፑ ነው አሉን» አላቸው።

«ፓምፑ ምን በደለ? ወደ ታች ሲጫን ይሠራል?»

ይህን ማንም አልጠየቀም ነበር። ወደ ታች ተጫነ፤ ሞተሯ እዝዝዝ አለች።

«በቃ፤ ባትሪውም ፊውዙም ሞተሩም ደህና ናቸው። ሪሌዎቹን አሳዩኝ።»

ክዳኑ ተከፈተ። ሁለት ሪሌ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንዱ ለማንሳት፣ አንዱ ለማውረድ። ሶኬታቸውን አቀያየሩና «ተጫን» አሉ። ተነሳ! አሁን ደግሞ መውረድ እምቢ አለ። ጥፋተኛው ታወቀ፤ ውስጡ ሲታይ መገናኛው ጠቁሮ ተበልቷል። አንዱ ልጅ ሮጦ የባጃጅ ሪሌ ይዞ መጣ። ሽማግሌው እግሮቹን ቆጠሩና መለሱለት። «ይህ ባለ 4 እግር ነው። ያነሳልሃል፣ አያወርድልህም።» አንደኛው ሪሌ ሲሠራ ሌላው አርፎ የሞተሯን ሁለተኛ ሽቦ ከኔጋቲቭ ጋር ማገናኘት አለበት፤ ለዚህ አምስተኛው እግር ግድ ነው። ከአንድ የቆመ ትራክተር ላይ ባለ 5 እግር ተፈትቶ፣ ትክክለኛው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ድረስ ተተካ።

ግቢው ውስጥ የተሰበሰቡት ሽማግሎች በዚህ አገር ሞተር ጀልባ ታይቶ አይታወቅም ተባባሉ። እኔ ግን በፈረንጅ 1968 በካፒቴን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመሩ የእንግሊዝ ወታደሮች፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፈቃድ፣ በሞተር ጀልባ ዓባይን ተከትለው በሸለቆው እንደወረዱ ነገርኳቸው። እነሱ መሐንዲስ ይዘው ነበር የሄዱት።

ነገሩ አለቀ ስንል በማግስቱ ሞተሩ ከስንዝር በላይ ወርዶ አገኘነው። ማንም አልነካውም። መካኒኩ ተመልሰው መጡና መጀመሪያ የመደገፊያ መቆለፊያውን አስገቡ፣ ከሥሩም ግንድ አቆሙ። ይህ ሳይሆን ማንም እጁን እንዲያስገባ አልፈቀዱም፤ ዘይት የያዘው ክብደት መቼ እንደሚለቅ አይታወቅም። ከዚያ ያቺን የጎን ብሎን ፈትተው አወጧት። አንገቷ ላይ ያለው ጎሚኒ ደርቆ በአንድ በኩል ተቆርጧል። ዘይቱ በዚያች ስንጥቅ ቀስ እያለ ወደ ጎተራው ይመለስ ነበር። ጎተራው ሲከፈት ደግሞ ዘይቱ ወተት መስሏል፤ ውኃ ገብቶበታል።

ከትራክተር ኢድሮሊክ መለዋወጫ ሣጥን ልክ የሆነ ጎሚኒ ተገኘ። አሮጌው ዘይት ተደፋ፣ ጎተራው ታጠበ፣ ቀዩ የካምቢዮ ዘይት ተሞላ። ዘይቱ የሚለካው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ከፍ ብሎ ነው፤ ጃኮቹ ገብተው ሳለ የሚሞላው ሰው ልኩን ያጎድላል። ከዚያም አየሩ እስኪወጣ ደጋግመው አነሱት፣ አወረዱት፣ ዘይቱ እስኪረጋ ጠብቀው የጎደለውን ጨመሩ። ሌሊቱን ካለበት አልተነቃነቀም።

ጀልባው በግልገል በለስ በኩል ጉባ ደርሶ ሥራ ጀምሯል። ትርፍ ሪሌ፣ ጎሚኒና አንድ ጠርሙስ ቀይ ዘይት ከመቀመጫው ሥር አለ። የሞተሩን ከፍታ የሚያሳየው ጌጅ ግን አሁንም አይሠራም፤ ሽማግሌው ዝናቡ ሲያባራ ወርደው ሽቦውን ሊያዩት ቃል ገብተዋል።