የራምዲስክ የጤና ምርመራ

አንዳንድ ባለሙያ የሊኑክሱን ከርነል አሻሽሎ ሪቡት ካደረገ በኋላ ነው «ራምዲስኩ ላይ ያለው ፋይል ሲስተም ጤነኛ ይሆን?» ብሎ ኤፍኤስሲኬን የሚጠራው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ራምዲስክ እኮ መኖሪያው ራም ነው፤ ማሽኑ ሲነሳ የነበረው ሁሉ ከነስህተቱ ጠፍቷል። አዲሱ ከርነል የሚያስረክበው ባዶ ዲስክ ነው። ምስኪኑ ኤፍኤስሲኬም ሱፐርብሎኩን አጥቶ ይነጫነጫል። የባሰበት ደግሞ ገና ሪቡት ሳያደርግ፣ ራምዲስኩን ማውንት እንደተደረገ ያስመረምረዋል (ኤፍኤስሲኬ ራሱ «ተው» እያለው!)፤ ያልነበረ ስህተት ይገኛል፣ ይጠገናል፣ ጥገናው ሌላ ስህተት ይወልዳል፣ ስብሰባ ይጠራል። በኤምኬኤፍኤስ አዲስ ፋይል ሲስተም መፍጠር እኮ የቅጽበት ሥራ ነበር። ግን በቅጽበት ላለቀ ሥራ ምን ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል? አበልስ በምን ይጠየቃል?