ሱፉን ያሰፋው እዚህ ነው

«ሰውዬ፣ እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ ብቅ ማለት ጀመርክ?» አለኝ ወዳጄ ከደምበል ሕንፃ ፊት ለፊት ስንገጣጠም። የካቲት ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ጎን ለጎን ተቀምጠን ጫማ እያስጠረግን ነው።

«የመስቀል ወፍ ጠፍታ አታውቅም» አልኩት።

«እስቲ ከኅዳር በኋላ አሳየኝ!»

«የለመድካት ከነጌጧ ነው፤ ጌጧን ስታወልቅ ሰላም ሳትላት ታልፋለህ። ደግሞ ‹እሷ› የምትላት እሱ ነው።»

እውነቱ ይኼው ነው። የመስቀል ወፍ እያልን የምናደንቃቸው ወንዶቹ ናቸው። ክረምቱ የመራቢያ ወቅታቸው ስለሆነ ለሴቷ ብለው ይደምቃሉ። ወቅቱ ሲያልፍ ያን ላባ አራግፈው እንደ ሴቶቹ ቡናማ ይሆኑና ከድንቢጥ ሳይለዩ ጥሬ ይለቅማሉ። እኛ «ሄደች» እንላለን፤ እሱ ግን እግራችን ሥር ነው።

«እሺ፣ የምር የሚሄድ አሳየኝ» አለ ወዳጄ።

በአገጬ አመለከትኩት። ከአስፋልቱ ዳር በበቀለው ሣር ላይ አንድ ቀጭን ወፍ በእግሩ ይሮጣል። ሁለት ሦስት እርምጃ ሄደና ቀጥ አለ። ጅራቱን ወደ ላይ ወደ ታች ነቀነቀ፤ ዘለለና ዝንቧን ከአየር ላይ ቀለባት። ክብደቱ 20 ግራም አይሞላም። ሆዱ እንደ አደይ ቢጫ ሆኗል፤ ደረቱ ላይ ግን ገና አመድማ ላባ ጣል ጣል ብሏል።

«ይኼማ የፈረንጅ ወፍ ነው፤ ብርድ ሸሽቶ የመጣ።»

«መስከረም ገብቶ መጋቢት ነው የሚወጣው። በጣትህ ቁጠረው።»

ቆጠረ። «ሰባት ወር።»

«ከዓመቱ ሰባቱን ወር እዚህ የበላ የማን ነው?»

«የተወለደው እዚያ ነዋ!»

«አንተስ የተወለድከው ደሴ አይደል?»

«እኔ የካዛንቺስ ልጅ ነኝ! ሰፈሬ በ2017 ፈርሶም የካዛንቺስ ልጅ ነኝ!»

«እንግዲያው የራስህን ሕግ ለወፉም ስጠው።»

ዝም አለ። እኔ ግን አልጨረስኩም። ይህ ወፍ መስከረም ላይ ሲደርስ ልብሱ የደበዘዘ ነው። ከታኅሣሥ ጀምሮ እስከ መጋቢት ድረስ አሮጌውን ላባ እየጣለ አዲሱን ያበቅላል። ቢጫውን ቀለም ሰውነቱ ከምንም አይፈጥረውም፤ ከሚበላው ነው የሚያገኘው። ያ ቢጫ የኛው ሣር ላይ የተለቀመ ዝንብና ትል ነው ማለት ነው። ከዚያ አምሮና ስንቁን በስብ ቋጥሮ እስከ ሩሲያ ሜዳ ድረስ ሚስት ፍለጋ ይበራል። ሠርጉ እዚያ ይሁን፤ ሱፉን ያሰፋው እዚህ ነው።

«ጋሼ፣ ወፍ ከሆነ ደምበል ነው» አለ ጫማዬን የሚወለውለው ልጅ ቀና ሳይል።

«ደምበል አይደለን እንዴ?» አለው ወዳጄ።

«የናንተ ደምበል ሱቅ ነው፤ የኛ ደምበል ሐይቅ ነው።»

ልጁ የባቱ ልጅ ነው። ዝዋይ እያልን ያደግነው ሐይቅ፣ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ የሚገኘው፣ ስሙ ደምበል ነው። እሱ ያደገው አባ ኮዳ ከዓሣ አስጋሪዎች አጠገብ ቆሞ የዓሣ ሆድቃ ሲጠብቅ እያየ ነው። «አባ ኮዳ ሁሌም አለ» አለን። «በጋ ሲያልቅ ግን እንግዶቹ ሰማይ ላይ ይዞራሉ፣ ይዞራሉ፤ ክንፋቸውን ሳያራግቡ ከፍ ከፍ ይሉና ይጠፋሉ።»

ያየው ልክ ነው። ሽመላና ንስርን የመሰሉ ከባዶች እያራገቡ ሩቅ አይዘልቁም። ከሞቀ መሬት የሚነሣው አየር ነው ተሸክሞ ከፍ የሚያደርጋቸው። ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር ስለማያገኙ እንደ ስዊዝና ባብ ኤል መንደብ ያሉትን መተላለፊያዎች ይመርጣሉ። የስምጥ ሸለቆውና የቀይ ባሕሩ መንገድ 37 ዓይነት፣ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ እንዲህ ያሉ ወፎች የሚመላለሱበት፣ በዓለም ሁለተኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 መኸር ባብ ኤል መንደብን ወደ አፍሪካ ሲሻገሩ የተቆጠሩት አዳኝ አሞሮች ብቻ ሩብ ሚሊዮን ይጠጋሉ።

«ወፍ ቆጥሮ የጠገበ ማን አለ?» አለ ወዳጄ።

«በ2012 አንበጣ ማሳ ሲበላ ‹ስንት ደረሰ? የት ደረሰ?› እያልክ ቆጥረህ የለ? ሽመላም፣ ንስርም፣ ጭልፊትም አንበጣ ይበላሉ። የሚያጠፋህን ቆጥረህ የሚረዳህን ስቆጥር ትስቃለህ?»

አልሳቀም። «ምን ላድርግለት ታዲያ?» አለ በለሰለሰ ድምፅ።

«ሣሩ ላይ መርዝ ሲረጭ አይተህ አትለፍ። ድንጋይ የሚያነሣ ልጅ ስታይ እጁን ያዝ። አሮጌ ዛፍ ሊቆረጥ ነው ሲሉህ ‹ማን ያድርበታል?› ብለህ ጠይቅ። የዑራኤልና የእስጢፋኖስ ቅጥር ውስጥ ያሉት ዛፎች የቆዩት አባቶቻችን ስለጠበቋቸው ነው።»

«ይኼ ብቻ?»

«ቀና ማለትም አለ። እሱ በነፃ ነው።»

ሒሳባችንን ከፍለን ተለያየን። ፀደይ በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር የሚገባው መጋቢት 26 ነው። ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ ገና በማለዳ፣ ስልኬ ጮኸ፤ ወዳጄ ነው።

«ደምበል ነኝ» አለ በሹክሹክታ፣ እንዳያስደነግጠው። «የካዛንቺሱ ልጅ ለብሶ ጨርሷል። ሳይሄድ ድረስ!»